ሕዋስ በሐመሩ ሐ

ሰው የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ ሲዋሽ ሁላችንም አይተናል። የተበላሸ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ባየ ቁጥር አንገቱን አስግጎ “ባትሪው ነው” የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሕክምና ሳይማር መድኃኒት የሚያዝ፣ ሕግ ሳይማር የሚፈርድም ሞልቷል። ይህ ዓይነቱ ውሸት ብዙም አያስነቅፍም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ያስከብራል። የሚያውቀውን አላውቅም ብሎ የሚዋሽ ሰው ግን ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እኔ አለሁላችሁ።

ምስጢሩን ለዓመታት ይዤው ኖሬአለሁ። ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም፤ ኃጢአት ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ለባለቤቴም አልነገርኩትም፤ እሱን ደግሞ አፍረዋለሁ። ዓይን አፋር ሰው ለአንድ ሰው ፊት ለፊት መናገር ያቃተውን ነገር ጽፎ ለሺህ ሰው ለመበተን አይቸገርም። ይህ እንዴት እንደሚሆን እኔም አልገባኝም።

ነገሩ የሆነው ሀርጌሳ ነው። አገር ቤት እርስ በርስ የምንዋጋበት ጊዜ ነበር። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። ጦርነቱ ሲቃረብ ተማሪው ተበተነ፤ እኔም ከተበተኑት ሁሉ ራቅ ብዬ ተበተንኩና ድንበር ተሻገርኩ። ሥራ ያስገባኝ ደላላ መጀመሪያ የጠየቀኝ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማርኩ ነው። እውነቱን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። “ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። የተማረች ሠራተኛ ሰሐን ስታጥብ ታስባለች ይላሉ። አራተኛ ክፍል ነኝ በይ” አለኝ። እኔም አልኩ። አሥር ዓመት የፈጀ ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረደልኝ።

ቀን ቀን ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ኤዶ ሳህራ ቤት እሠራለሁ። “ኤዶ” በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው። ማታ የማድረው መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ፣ የአገሬ ሰዎች ተሰባስበው በሚኖሩበት ግቢ ነው። ግቢውን ከባለቤቱ ተከራይተው ለእኛ የሚያከራዩት እትዬ ዘውዴ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ችግሩ ደግነታቸው ነው። አራተኛ ክፍል ነኝ ስላቸው አዘኑልኝና በየአርቡ ማንበብ ያስተምሩኝ ጀመር። በጣታቸው ፊደሉን እየነኩ “ይቺስ?” ይሉኛል። እኔ ጥቂት አስብና “ረ?” እላለሁ። ደስታቸው ልክ የለውም። ለጎረቤት “ጭምቷ ልጄ እኮ እያነበበች ነው” ይላሉ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ “ረ” ን ስላወቀች ስትመሰገን ምን እንደሚሰማት ልነግራችሁ አልችልም። ደስ ይላታል።

አሁን ምስጢሩ ወዳለበት ደብተር ልምጣ። የኤዶ ሳህራ ልጅ ትምህርቷን ስትጨርስ የባዮሎጂ መጽሐፏ ለእሳት ማቀጣጠያ ወደ ኩሽና ወረደ። አላስችል አለኝ። ወጡ እስኪበስል እያነበብኩ፣ ማታ ደግሞ ያነበብኩትን በአማርኛ ደብተር ላይ እጽፍ ጀመር። በእንግሊዝኛ ብጽፈው ቢያዝ ያጋልጠኛል፤ በአማርኛ ከሆነ ምን ችግር ያመጣል? እንዲህ ብዬ ነበር ያሰብኩት። አገሬ ሰላም ስትሆን ተመልሼ እንድፈተን፣ እስከዚያው እንዳይጠፋብኝ ነው። የናቴም ስልክ አይሠራም፤ መስመር ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል። የምይዘው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

መተርጎሙ ግን ቀላል አልነበረም። እያንዳንዱ ሕዋስ ዙሪያውን የሚከብበው ስስ ነገር አለ። “ሽፋን” ልለው አሰብኩና ደካማ መሰለኝ፤ “ድንበር” አልኩት። ድንበሩ ከሁለት ረድፍ የቅባት ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ራሳቸው ውሃ ይወዳል፣ ጭራቸው ውሃ ይሸሻል፤ ስለዚህ ጭራና ጭራ ወደ ውስጥ ገጥመው ይቆማሉ። ትንንሽና የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም ቻርጅ፣ የሌላቸው ነገሮች በመካከላቸው ሾልከው ያልፋሉ፤ ሙል ያለው ግን በር ጠባቂ ያስፈልገዋል። ውሃ ዝም ብሎ ሰርጎ ይገባል። ኃይልን ደግሞ በጄሪካን መሰልኩት። ሕዋሱ ውስጥ ያሉት ኃይል ማመንጫዎች ጄሪካኑን ይሞላሉ፣ ሥራ ያለበት ቦታ ይፈስሳል፣ ባዶው ተመልሶ ይሞላል። ውሃ በቦቴ በሚጠበቅበት ከተማ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ኢንዛይምን ደላላ አልኩት። ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮችን ያገናኛል፣ ነገሩ በፍጥነት ይፈጸማል፣ እሱ ሳይለወጥ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ኮሚሽን አለመጠየቁ ብቻ ነው ከእኛ ደላላ የሚለየው። በትርጉሜ ኮራሁ። ደብተሩን በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ሸጎጥኩት።

አንድ አርብ ጠዋት የውሃ ቦቴ መጣና በርሜሉ ተነሣ።

ስለ አርብ አንድ ነገር ልበል። ሀርጌሳ የዕረፍት ቀን አርብ ነው፤ እሑድ ሥራ ነው። አርብ ደግሞ ጾም ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር የዕረፍት ቀኑን ሁሉ በሽሮ ነው የሚያሳልፈው። በሽሮ የተሰበሰበ ጉባኤ ምን ያህል ርኅራኄ እንደሚኖረው ገምቱ።

ደብተሩን ያገኙት ሻምበል ናቸው። ሻምበልነቱን የሰጣቸው ግቢው እንጂ ሠራዊቱ አይደለም፤ ሥራቸው ግንበኝነት ነው። ወጣት ሳሉ ታላቅ ወንድማቸው በደርግ ጊዜ “የሕቡዕ ድርጅት ሕዋስ አባል ነህ” ተብሎ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ፌስታሉን አንድ በአንድ ፈቱት። የመጀመሪያውን ገጽ አዩ። ከዚያ ጄሪካን ላይ ተቀመጡ። “ግቢያችን ውስጥ ሕዋስ አለ” አሉ።

ግቢው በሙሉ ወጣ። ልብ በሉ፣ ያኔ ከመካከላችን የአንዱ ወንድም በዚህ በኩል፣ የሌላው ወንድም በዚያ በኩል ይዋጋ ነበር። ከየት እንደመጣን መጠያየቅ ካቆምን ቆይተናል፤ ሽንኩርት እንኳ የምንበዳደረው በጥንቃቄ ነበር። ሻምበል መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የገዛ ጽሑፌን በሌላ ሰው ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እውነት ለመናገር፣ አስደንጋጭ ነበር።

“ሕዋስ በድንበር የታጠረ ነው” አሉ። “ድንበሩ ድርብ ነው፤ የተሠራውም ከቅባት ነው” ሲሉ እትዬ ዘውዴ አማተቡ። ቅባት የሚለው ቃል የድሮውን የሃይማኖት ክርክር አስታውሷቸው ነው። “በዚህ ላይ ሃይማኖትም አለበት እንዴ!” አሉ። ሻምበል ቀጠሉ። “ሙል የሌላቸው ትንንሾች ሾልከው ያልፋሉ። ሙል ያላቸው ግን ያለ በር ጠባቂ አያልፉም።” ቀና ብለው አዩን። “ሙል ማለት የጎረሰ ማለት ነው። ስለ ታጠቁት ነው የሚያወራው” ብለው አብራሩ። ቀጥሎ “ሰርጎ የሚገባውን መቆጣጠር ካቃተው ሕዋሱ ይፈነዳል” የሚለው መጣ። ይህ ማብራሪያ አላስፈለገውም። “ኃይል ማመንጫዎቹ ከቆሙ ሁሉም ነገር ያበቃል” የሚለው ሲነበብ አንዱ “መብራት ኃይልን ነው!” ብሎ ጮኸ። “ደላላው ሁለቱን አገናኝቶ ሳይነካ ይወጣል፤ መርዝ ቦታውን ከያዘበት ግን ሥራው ይቆማል” ላይ ሲደርሱ ሻምበል ደብተሩን ዘጉት። ሌላው ሰው እንደ ትያትር ያየው ነገር ለእሳቸው ትያትር አልነበረም።

ደሳለኝን እስካሁን አላስተዋወቅኳችሁም። ከበርበራ ወደብ ዕቃ ጭኖ ድንበሩ ላይ እስካለችው ቶጎ ውጫሌ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲመለስ ለግቢው ጤፍ የሚያመጣልን እሱ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ብዙ አልገፋም፤ ቄስ ትምህርት ቤት ግን ዳዊት ደግሟል። ምስኪኑ ነገሩን ለማብረድ ብሎ ገባበት። “ሻምበል፣ ሕዋስ እኮ ክፉ ነገር አይደለም። አምስቱ ሕዋሳት ይባላል። ዓይን፣ ጆሮ…” አለ። ሻምበል ከተቀመጡበት ተነሡ። “ዓይንና ጆሮ! የማን ዓይን ነህ? የማን ጆሮ ነህ?” አሉት።

ሲጀመር ለማስረዳት መሞከር አልነበረበትም። እኔ በበኩሌ አልሞከርኩም።

የእጅ ጽሑፍ ምርመራ ይደረግ ተባለ። አንድ ወረቀት ይዞራል፣ ሁሉም “ሕዋስ” ብሎ ይጽፋል፣ ከደብተሩ ጋር ይመሳከራል። ሻምበል አንድ ነገር አስተውለው ነበር። የደብተሩ ባለቤት ቃሉን የጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። አማርኛ ሦስት ሀ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ሁሉንም በሀሌታው ሀ ጽፎ ይገላገላል። ወረቀቱ ሲዞር “ህዋስ፣ ህዋስ፣ ህዋስ” እያለ ወደኔ መጣ። በሀሌታው ጽፌ እጄን ማጣመም ብቻ ነበረብኝ። አንድ የአራተኛ ክፍል ሰው የሚያደርገውን ማድረግ ምን ይከብዳል? ነገር ግን የሰባተኛ ክፍል መምህሬ “ሕዋስ” ን በሀሌታው ለጻፈ ተማሪ ሁለት ነጥብ ይቀንሱ ነበር። እጄ ሳያማክረኝ ሐመሩን ጀመረ። ደንግጬ ሰረዝኩትና አጠገቡ ህ ጻፍኩ።

ሻምበል ወረቀቱን አዩት። “አይዞሽ ልጄ፣ ያልለመደ እጅ ነው” አሉኝ። እትዬ ዘውዴ “ኧረ ተዋት፣ እያሻሻለች ነው!” ብለው ተቆጡልኝ። ወረቀቱ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። የሚቀጥለው ሰው ደሳለኝ ነበር።

የተሰረዘችውን ፊደል ትንሽ አያት። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ብዕሩን ያዘና በዚያ በሚያምር የቄስ ትምህርት ቤት እጁ፣ በትልቁ፣ በሐመሩ ሐ “ሕዋስ” ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ለሻምበል ሰጥቶ “የኔ ነው” አለ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፍቼም ነበር። “ባዮሎጂ ነው፤ የኔ ነው” ማለት ስድስት ሴኮንድ አይፈጅም። ነገር ግን እትዬ ዘውዴን አየኋቸው። “ረ” ን ያስተማሩኝን ሴት። አፌን ዘጋሁት። ሰው በጥይት ፊት ጀግና ሆኖ በኀፍረት ፊት ሊፈራ ይችላል ይሉ ይሆናል፤ እኔ በሁለቱም ፊት ፈሪ ነኝ።

ደሳለኝ ከግቢው እንዲወጣ ተፈረደበት። ተመልሶ ከታየ ለአሠሪው እንደሚነገር ሻምበል አስጠነቀቁት። ያ ማለት መኪናውን ማጣት፣ ከዚያም በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጦርነቱ መመለስ ማለት ነው። ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ፤ ማንም ቻው አላለውም። መጽሐፉ እንደሚለው ሕዋስ ጨው ወደ ውጭ የሚገፋበት ፓምፕ አለው፤ ካለው ኃይል ብዙውን የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ግቢያችን ያን ቀን ያወጣውን ጉልበት ሳይ ገባኝ። ደብተሬንም ሻምበል በከሰል ምድጃ አቃጠሉት። ሲያቃጥሉት አየኋቸው። “የወንድሜን ወረቀት ቀድሜ አቃጥዬው ቢሆን ኖሮ ይኖር ነበር። ይኼም ልጅ የናት ልጅ ነው” አሉ፤ ለማንም አይደለም፣ ለምድጃው። አባርረውታል፤ ማስረጃውን ግን ለማንም አልተውም ማለታቸው ነው። ኢንዛይሞቼ አንድ በአንድ ወደ አመድነት ተለወጡ። ሙቀት ሲበዛባቸው ቅርጻቸውን እንደሚያጡ ጽፌ ነበር።

እሑድ ከሥራ ስወጣ ምግብ በሳህን ቋጥሬ በባጃጅ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ሜዳ ሄድኩ። ደሳለኝ ጋቢናው ውስጥ ነበር የሚኖረው። ሁሉንም ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ተለማምጄዋለሁ። እሱ ግን ቀደመኝ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “አይዞሽ። ምንም አላየሁም። አንቺ ለትልቅ ጉዳይ ታስፈልጊያለሽ” አለኝ።

ምን ይባላል? ሕዋስ እኮ የሰውነት ነው ልለው ስል “እኔ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ። ሕዋሶችሽ ስንት ናቸው?” አለኝ። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ የጠየቀኝን በእውነት መለስኩለት። “ተቆጥረው አያልቁም” አልኩት። ደሳለኝ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

በዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ለኤዶ ሳህራ ሠራተኛ ነኝ፣ ለእትዬ ዘውዴ ተማሪ ነኝ፣ ለደላላው ዕቃ ነኝ። ለዚህ ሰው ግን ጦርነቱን ልታስቆም የምትችል ሴት ነበርኩ። “ኧረ ባዮሎጂ ነው” ብሎ ከዚያ መውረድ ቀላል ይመስላችኋል? እኔን ከበደኝ። “ምግቡ እንዳይቀዘቅዝብህ” ብዬው ተመለስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ግቢው ጤፍ ጨረሰ። መጀመሪያ ሩዝ በላን፤ ቀጥሎ ፓስታ በላን። ከዚያ እትዬ ዘውዴ ሻምበልን ጠሩና “ያ ልጅ ለካስ ስለ ዓይንና ጆሮ የተናገረው እውነቱን ነው። የንስሐ አባቴንም በስልክ ጠይቄአለሁ፣ ሕዋስ ማለት ዓይንና ጆሮ ነው” አሉ። ሻምበልም ፓስታውን አዩና አመኑ። ደሳለኝ ከግማሽ ኩንታል ጤፍ ጋር ተመለሰ። በር ጠባቂው ጤፍ መሆኑን መጽሐፉ አልነገረኝም ነበር።

በዓመቱ ተጋባን። ሽማግሌዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ሚዜው ግን ሻምበል ነበሩ። የናቴ ስልክም ተከፈተ፤ በሕይወት አለች። እትዬ ዘውዴ በሠርጉ ቀን የጋብቻውን ወረቀት አንብቤ ስፈርም አለቀሱ፤ የልፋታቸውን ፍሬ ያዩ መስሏቸው። ምን ላድርግ? አብሬ አለቀስኩ።

ደሳለኝ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዜና ላይ ስለ አገራችን ሲወራ ሬዲዮኑን ይቀንስና “የእናንተ ሰዎች ምን ይላሉ?” ይለኛል። እኔም ባሕርዬ ሆኖ የማላውቀውን አላወራም፤ የማውቀውን እናገራለሁ። “ሙቀቱ ሲበዛ ቅርጻቸውን ያጣሉ” እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል። አንዳንዴ ዜናው በሳምንቱ እንዳልኩት ይሆናል፤ ያኔ ለሦስት ቀን ሰሐን እሱ ያጥባል። ደጋግሜ ልነግረው አስቤአለሁ። ለእኔ ብሎ ፍራሹን ተሸክሞ የወጣ ሰው፣ የወጣው ለባዮሎጂ ማስታወሻ መሆኑን ከሚስቱ አፍ ሲሰማ ምን ይሆናል?

በቅርቡ ድካም ድካም አለኝና አብረን ክሊኒክ ሄድን። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው የአገራችን ልጅ ነው። ውጤቱን ይዞ ወጣና በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣ በጠራ አማርኛ፣ “እህቴ፣ ቀይ ሕዋሶችሽ በጣም ቀንሰዋል” አለኝ። ደሳለኝ ተነሥቶ በሩን ዘጋው። ልጁ ቀጠለ። “ብረት ነው ያጠራቸው። ብረት ካገኙ በአጭር ጊዜ ይጠናከራሉ።”

ከክሊኒኩ ወጣን። መንገድ ላይ ስንደርስ አላፊ አግዳሚውን አየና በሹክሹክታ “ስንቶቹ ተያዙ?” አለኝ።

ጊዜው ደረሰ አልኩ በልቤ። አሁን እነግረዋለሁ። “ማንም አልተያዘም። ሰምተሃል፤ ብረት አጥሯቸው ነው” ብዬ ጀመርኩ።

“እሺ፣ ብረቱ ከየት ነው የሚመጣው?” አለ።

እንግዲህ ከዚህ የበለጠ እውነት ምን አለ? የታዘዘልኝን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። “ከፋርማሲ” አልኩት።

ደሳለኝ ወረቀቱን አየ፤ ማዶ ያለውን ፋርማሲ አየ፤ እኔን አየኝ። ያን ጊዜ ጋቢናው ውስጥ እንዳየኝ ነው ያየኝ። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልኝና፣ በአድናቆት፦

“ጥሩ ሽፋን ነው” አለኝ።